ስንዴዬ ዓሣ ሆኖ ቀረ፦ ከነጋዴ ጋር ለምትሠሩ ዲዛይነሮች

ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። ሥራ የጀመርኩት በብሩሽ ታፔላ በመጻፍ ነው። «ፀጉር ቤት»፣ «ጎሚስታ»፣ «ሻይ ቡና አለ» እያልኩ ቆርቆሮ ስቀባ ነው ያደግኩት። ዛሬ ኮምፒውተር አለኝ። ሎጎ እሠራለሁ፣ ማሸጊያ እሠራለሁ፣ ሲገኝ ፎቶም አነሳለሁ። ታፔላውንም አልተውኩም። ደንበኞቼ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዱቄት ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ሉካንዳ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ማር ነጋዴ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ዲዛይነር ቡና እየጠጣን «ነጋዴ ጥበብ አይገባውም» ብሎ አማረረልኝ። ሳቅሁ። በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ያን ቀን የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ትንሽ ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ሎጎ አዘዙኝ። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። የስንዴ ዛላ ሠራሁ። ከወርቃማ ወደ ብርቱካናማ ቀስ እያለ የሚለወጥ፣ ከጀርባው ፀሐይ የምትወጣበት፣ በጠቅላላው አምስት ቀለም ያለው። ስክሪን ላይ ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ሰውየውም አይተው «ጥሩ ነው» አሉና ከፈሉኝ።

ከወር በኋላ ጆንያው ታትሞ መጣ። ለካ የጆንያ ማተሚያው ሁለት ቀለም ብቻ ነው የሚያትመው። ፀሐይዋ የለችም። የዛላው ፍሬና ሹል ሹሉ ጫፍ ተጣብቆ፣ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ የቀረ ዓሣ መስሏል። ጭንቅላቱ ሳይቀር!

ጫኝና አውራጆቹ በዚያው ቀን «ዓሣው» አሉት። ከእነሱ ወደ ቸርቻሪው፣ ከቸርቻሪው ወደ ዳቦ ቤቱ ተሻገረ። «ዓሣውን ሦስት ኩንታል ጫንልኝ» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እያፈርኩ ሄጄ «ጋሼ፣ በነጻ ላስተካክለው» አልኳቸው።

«እንዳትነካው!» አሉኝ። «ስንዴማ ሁሉም ጆንያ ላይ አለ። ሰው እኔን በዓሣው ነው የሚለየኝ።»

እኔ የሸጥኩላቸው ሥዕል ነበር። እሳቸው የፈለጉት ግን ገዢው ከደርዘን ጆንያ መሃል ስማቸውን ጠርቶ የሚጠይቅበትን ነገር ነው። በአጋጣሚ አገኙት፤ ለዚያውም በእኔ ስህተት። ጥፋቴ ቀለሙ ላይ ብቻ አልነበረም። ምን ላይ ይታተማል? ማን ይሸከመዋል? ገዢው ምን ብሎ ይጠይቃል? አንዱንም አልጠየቅኩም።

ስትራቴጂ የሚሉት ቃል ሲነሳ ሰው ፓወርፖይንት ይታየዋል። ለእኔ ነገሩ ቀላል ነው። ነጋዴው ገንዘብ የሚያገኘው የት ላይ ነው? የሚያመልጠውስ የት ላይ ነው? ይህን አውቃችሁ እዚያ ቦታ ላይ መሥራት ነው። ሌላው ሁሉ ቀለም ቅብ ነው።

ኮምፒውተሩ ይቆይ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ

አንዲት ማር ነጋዴ «ሎጎ ሥራልኝ፤ ዘመናዊ ይሁን» አሉኝ። እንደ ድሮው ቢሆን ንብ ስዬ ሂሳቤን እቀበል ነበር። (እኔ ያየሁት የማር ሎጎ ሁሉ ንብ አለበት። ንቧም ሁሌ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት እንጃ።) በዚህኛው ጊዜ ግን «እትዬ፣ በገበያ ቀን ሱቅዎ ውስጥ ልቀመጥ?» አልኳቸው። «ልትሰልለኝ ነው እንዴ ልጄ?» አሉና በርጩማ ሰጡኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ደብተሬ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ፤ የገባ፣ የቀመሰ፣ የገዛ። 26 ሰው ገባ። 17ቱ ቀመሱ። የገዙት 6 ብቻ ናቸው። ማሩ ግሩም ነው፤ የቀመሰው ሁሉ ማንኪያውን ደግሞ ይልሰዋል። ታዲያ 11 ሰው ቀምሶ ባዶ እጁን ለምን ወጣ?

ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛው፣ «ይሄ የረጋው ስኳር ገብቶበት ነው አይደል?» የሚል ጥርጣሬ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ብርድ ነው። ንጹሕ ማርም በብርድ ይረጋል፤ ተፈጥሮው ነው። እትዬ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ያስረዳሉ። ይምላሉ፣ ይገዘታሉ። ገሚሱ ያምናል፣ ገሚሱ «እስኪ ዞሬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። ዞሮ የመጣ አላየሁም።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። ብዙው ገዢ መንገደኛ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሊወስድ ነው የሚመጣው። መያዣ ግን የለውም። እትዬ በባዶ ሃይላንድ ይቀዱለታል። አንዱ ሰውዬ ሃይላንዱን አይቶ «ባለፈው ዓባይ በረሃ ስንደርስ ሙቀቱ አቅጥኖት ሻንጣዬን አጨማለቀው» አለና ሄደ። እዚያው ዓይኔ እያየ ሽያጭ ሞተ።

አሁን ንገሩኝ፤ ሳቂታ ንብ ከእነዚህ ሁለቱ የትኛውን ትፈታለች?

«እትዬ፣ ሎጎው ይቆይ» አልኳቸው። ሽፋኑ የሚታሸግ ባለ ክዳን ዕቃ፣ የአንድ ኪሎና የግማሽ ኪሎ፣ ከአዲስ አበባ እንዲያስመጡ አደረግን። እኔ መለያ ወረቀቱን ሠራሁ። ስማቸው፣ ማሩ የተቆረጠበት ወር፣ የመጣበት ወረዳ። ከፊት ለፊት በወፍራም ፊደል ደግሞ፦ «ማር በብርድ ይረጋል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ ይፈታል።» በቃ። አሁን ሰው «ስኳር ነው» ሲላቸው አይምሉም። ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ ያሳርፋሉ።

ለእኔም ቢሆን ይሻላል። ሎጎ አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። መለያ ወረቀት ግን ባለቀ ቁጥር ይታዘዛል።

ምን ሆኖ ነው አሁን ያሰቡት?

ጎጃሜ ነኝና ቅኔ ሳልጠቅስ አላልፍም። ዲማ ቅኔ ቤት የተማረ አጎት ነበረኝ። ቅኔ ሲሰማ ቶሎ አያደንቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወርቁን ይፈልጋል። የነጋዴ ትእዛዝም እንደዚያ ነው የሚሰማው። «ዘመናዊ ይሁንልኝ» ሲል ሰሙ ዲዛይን ነው። ወርቁ «ፊት ለፊቴ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ተከፍቶ ደንበኛዬን እየወሰደ ነው» ሊሆን ይችላል። «ስሙን ተለቅ አድርገው» ካለ ደግሞ ሰው በሩን ስቶ እያለፈበት ይሆናል። እኛ «የነጋዴ ነገር! ሁሉን ትልቅ ማድረግ» ብለን እንስቃለን። እሱ እውነቱን ነው።

ወርቁን የማወጣበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ሆኖ ነው አሁን ያሰቡት?» አምና ያልፈለገውን ዘንድሮ ለምን ፈለገው? ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቻሉት።

አንድ የሆቴል ባለቤት ሁሉንም ነገር አዲስ ፈለገ። ሎጎ፣ ታፔላ፣ ሜኑ፣ የሠራተኛ ልብስ። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ አፌ ምራቅ ሞላ። ግን ጠየቅኩት። ሲያንገራግር ቆይቶ «ሴሚናር የሚያመጡልኝ ድርጅቶች ዘንድሮ ቀሩ» አለ። ለምን? አያውቅም። እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኋት። እሷ ታውቃለች። አዘጋጆቹ ከአዲስ አበባ ይደውሉና «የአዳራሹን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልን፤ ስንት ሰው ይይዛል? ፕሮጀክተር አለው?» ይላሉ። እሷ በስልኳ መጋረጃ እንደተዘጋ አንስታ ትልካለች። ፎቶው ላይ አዳራሹ የከብት በረት ነው የሚመስለው። ከዚያ መልስ የለም።

ሥራው ወዲያው ተለወጠ። መጋረጃ ከፍተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ውሃና ማስታወሻ ደብተር አስቀምጠን 12 ፎቶ አነሳሁ። አንድ ገጽ አዘጋጀሁ፤ የሰው ቁጥር፣ ዋጋ፣ የምሳና የሻይ ሰዓት፣ ስልክ። እሷ ስልክ ላይ ጫንኩላት። ሦስት ቀን ፈጀ። የሆቴሉ ሎጎ እስከ ዛሬ ያው ነው። አስቀያሚ ነው። አዳራሹ ግን ሰው አያጣም።

ካነሳሁት አይቀር፣ ከባለቤቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ካሸሩ፣ አስተናጋጁ፣ ዘበኛው ነው። ዘበኛን ቡና ጋብዙ።

ዋጋ፣ ቀብድ፣ የቀን መቁጠሪያ

ዋጋ ላይ የሚሸነፈው ዋጋውን ከልፋቱ ጋር የሚያወዳድር ነው። ሆቴሉ ጋ «ሦስት ቀን ስለሠራሁ ይህን ያህል» ብል፣ «የእህቴ ልጅ በግማሹ ይሠራዋል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አስቀድሜ «አንድ የሁለት ቀን ሴሚናር ስንት ያስገባልሃል?» ብዬዋለሁ። ቁጥሩን ራሱ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የእኔ ዋጋ ከዚያ ቁጥር ጎን ነው የሚቀመጠው። ያኔ ትንሽ ነው።

ቢሆንም ይከራከራል። ሳይከራከር የሚከፍል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ፤ ላለመክፈል ያሰበ ሊሆን ይችላል። ስትቀንሱ ከሥራው ላይ ቀንሱ። «እሺ፣ ይሁን፤ ፎቶው ግን 12 መሆኑ ቀርቶ 6 ይሆናል።» ዋጋ ቀንሳችሁ ሥራውን ካልቀነሳችሁ፣ መጀመሪያ የጠራችሁት ዋጋ ውሸት ነበር ማለት ነው። ነጋዴ ይህን በደንብ ያውቃል።

«ልጄ ካንቫ ላይ ይሠራዋል» የሚል ሲመጣ አትቆጡ (ካንቫ ማንም የሚጠቀምበት የዲዛይን መተግበሪያ ነው)። የፌስቡክና የቴሌግራም ማስታወቂያውን ልጁ ይሥራው። እናንተ ቀለሙንና ፊደሉን ወስናችሁ አብነት አዘጋጁለት። ልጁ ጠላት መሆኑ ቀርቶ የእናንተ ሰው ይሆናል።

ግማሽ ቀብድ ሳልቀበል ሥራ አልጀምርም። ለአጎቴም ቢሆን። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ጊዜውን ግን እወቁ። የእኛ አገር ገንዘብ ወቅት አለው። ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አገር ነው። ምርቱ ተወቅቶ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ ወዲያ፣ የነጋዴው እጅ ይፈታል። በነሐሴ ያው ሰው «ከመስከረም በኋላ» ይላችኋል፤ ስስት አይደለም፣ የለውም። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመዘግበው በክረምት ነው። ስለዚህ ሥራውን በሰኔ አናግሩት፤ በጳጉሜን ቢጠራችሁ ረፍዷል። ሆቴልና ዲኮር ቤት ከጥር ሠርግ በፊት ነው የሚያዙት። ለሉካንዳ ደግሞ በዐቢይ ጾም ሂሳብ ይዛችሁ አትሂዱ። 55 ቀን ቢላዋው ተሰቅሏል። እኔ ሄጄ አውቃለሁ። ሰውየው ባዶውን መንጠቆ አሳየኝና «ከዚህ ላይ ቁረጥ» አለኝ።

ደረሰኝ የላችሁም? ከትልልቆቹ ጋር መሥራት ይቸግራችኋል። ወጪያቸውን የሚያሳዩት በደረሰኝ ነው። ዋጋ ስትሰጡም 15 በመቶው ቫት ውስጡ ነው ወይስ በላዩ ላይ የሚለውን አስቀድሙ። በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ ወዳጅነት ያፈርሳል።

አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ምን እንደምትሠሩ፣ መቼ እንደምታስረክቡ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉ (እኔ ሁለት ጊዜ ነው)፣ ኦሪጅናል ፋይሉ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ላይ ብዙ ዲዛይነር ይሳሳታል። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መብቱ የእኔ ነው» ይላል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የአዛዡ ነው። ስለዚህ ያነሳችሁትን ፎቶ ለሌላ ቦታም መጠቀም ከፈለጋችሁ፣ አስቀድማችሁ ጻፉት። ከተጣላችሁ በኋላ አዋጅ መጥቀስ ዋጋ የለውም።

ሥራውን የምታሳዩበት ቦታ

ባለቤቱ «እሺ» ካለ በኋላ ሥራ የወደቀብኝ ስንት ጊዜ ነው! ሒሳብ የምትይዘው ሚስቱ መጣችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። አለቀ። አሁን መጀመሪያውኑ «ከእርስዎ ሌላ ይህን ማን ማየት አለበት?» እላለሁ። እሷ በሌለችበት ሥራዬን አልገልጽም።

ታፔላ ከሆነ ስልክ ላይ አታሳዩ። ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል። ፊደሉን በልኩ በወረቀት አትሙና በሩ ላይ ለጥፉት። ከዚያ ደንበኛውን ይዛችሁ አስፋልቱን ተሻገሩ። «አነበቡት?» በሉት። የድሮ የታፔላ ሰዎች ልክ አለ፤ ለየሦስት ሜትሩ ርቀት ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል የፊደል ቁመት። ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሳንቲሜትር ማለት ነው። እኔ ለግዕዝ ፊደል ትንሽ እጨምርበታለሁ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው። «ለ» እና «ሉ» ከሩቅ አንድ ይሆናሉ። በጣም ካወፈራችሁት ደግሞ ቀዳዳው ይደፈንና «ዐ» ኳስ ይመስላል። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አይፈታላችሁም።

ይህን ከመንገዱ ማዶ ስታደርጉት ክርክሩ «ደስ አለኝ፣ አላለኝም» ከሚለው ይወጣል። «ይነበባል፣ አይነበብም» ይሆናል። ሁለታችሁም አንድ ነገር እያያችሁ ነው።

ከወር በኋላ ተመለሱ

ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አላውቅም። ሥራ ስጀምር ከደንበኛው ጋር አንድ ቁጥር እንመርጣለን፤ አንድ ብቻ። እትዬ ጋ በታሸገ ዕቃ ስንት ኪሎ እንደተሸጠ ነበር። ሆቴሉ ጋ በወር ስንት ጊዜ አዳራሹ እንደተያዘ። በደብተሬ እጽፈዋለሁ። ከወር ወይ ከሁለት ወር በኋላ ሻይ ልጠጣ ብዬ እሄድና እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ያሳፍራል፤ ግን ለምን እንዳልተነቃነቀ አብረን እናያለን። ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ሥራ የሚወለደው እዚያች ሻይ ላይ ነው።

ባለፈው ዱቄት ፋብሪካው ጋ እንዲሁ ጎራ አልኩ። ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ሊያወጡ ነው። ደብተሬን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ማተሚያው ስንት ቀለም ነው?» ሁለት። «የሚገዛው ማነው?» የቤት እመቤቶች፤ ከሱቅ፤ ልጅ ልከው። «ልጁ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

ሰውየው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ዓሣውን ነዋ! በል አሁን ትንሽ ሥጋ ጨምርለት፤ ልጆቹ አጥንት ብቻ ነው እያሉ ያሾፉብኛል።»